ጠባሳ የሌለው ቀዶ ሕክምና

አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ቀጭን ካሜራ በአፍንጫዬ አስገብተው ከአንጎሌ ሥር የነበረውን ዕጢ አወጡልኝና ቢቸና ተመለስሁ። ታምሜ ሳለሁ መሬቴን ሲያርስ የከረመው ታላቅ ወንድሜ ባየ ግን ሊለቅልኝ አልፈለገም። ባየ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ሄዶ አያውቅም።

«ጠባሳው የታለ? ይኼ ሰው አልታከመም፤ እንደታመመ ነው» አለ ሽማግሌዎች ፊት።

ተናድጄ እስከዚያች ቀን ለማየት ያልደፈርሁትን የቀዶ ሕክምናዬን ቪዲዮ በስልኬ ከፈትሁላቸው። ካሜራው ቀዩን ዋሻ አልፎ ዕጢው ጋ ደረሰ። ሐኪሙ «ሁሉንም እናውጣው?» ሲል ተሰማ።

«ትንሽ ተዉለት» አለ የባየ ድምፅ፣ ከስልኩ ውስጥ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ አካለ ወልድ ወደ ባየ ዞሩ። «ያን ቀን የት ነበርህ?»

«እዚህ» አለ ወንድሜ፣ ጣቱን ግንባሬ ላይ አሳርፎ።