የሁዳዴ ቅርፊት

ውሻው ሲጮህ አመተማርያም ጓሮ ውስጥ ዘነዘናዋን እንዳነሳች ቀረች። ሙቀጫው ውስጥ ያለው የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ።

«ቤቶች!»

ድምፁን ለየችው። የንስሐ አባቷ ቄስ አያሌው ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ባልከፋ። ባሏ ዲያቆን ኤርምያስ ከፋሲካ በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ስለ ቤቱ የሚመሰክሩለትም እኚሁ ሰው ናቸው። በጾም እንቁላል ይበላሉ ብለው አንዲት ቃል ቢተነፍሱ የስንት ዓመት ልፋቱን ውሃ በላው።

ሙቀጫው ላይ ቁና ደፋችበትና ሮጣ በሩን ከፈተች። መስቀል ልትሳለም ጎንበስ ስትል ጣቶቿ ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። ቀሚሷ ላይ ጠረገቻቸው።

«ከቅዳሴ ስመለስ ልያችሁ ብዬ ነው» አሉና፣ ይግቡ ሳትላቸው በቀጥታ ወደ ጓሮው አመሩ። «ቲማቲምሽ አፈራልሽ?»

«ማፍራቱንስ አፍርቶ ነበር፣ አባቴ።»

ቄስ አያሌው አንዱን ፍሬ ገልበጥ አደረጉት። ላዩ ያማረ፣ መቀመጫው ግን ጠቁሮ የሰረጎደ ነው።

«ምን ነክቶት ነው?»

«ውሃው በፈረቃ ነው። አንድ ሰሞን ይደርቅበታል፣ ሲመጣ ደግሞ እናጥለቀልቀዋለን። የግብርና ባለሙያዋ ካልሲየም አንሶታል ብላ...»

ቄሱ በመቋሚያቸው ጫፍ ከግንዱ ሥር አፈሩን ጫር አደረጉ። ነጭ ቅርፊት ብቅ አለ።

«ጫጩት የተፈለፈለበት ቅርፊት ነው!» አለች አመተማርያም። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት! «የጎረቤቴ የብርቱካን ዶሮ ታቅፋ... በጾም እንቁላሉ ሲጠራቀምባት አስታቀፈቻት። ጫጩቶቹ አሉ፣ ሄደው ይዩዋቸው!»

እሳቸው ቅርፊቱን አዩ፤ ቀሚሷ ላይ ያለውን ዱቄት አዩ፤ የተደፋውን ቁና አዩ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ንፋስ ቀዝቃዛ ነው፣ እሷን ግን አላባት። ለኤርምያስ ምን ብላ ትነግረዋለች?

«ይሠራል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ምኑ፣ አባቴ?»

«ቅርፊቱ ነዋ! የእኔም እንዲሁ እየጠቆረ አለቀ። ባለቤቴ የሰው ዓይን ነው ትለኛለች።»

አመተማርያም ትንፋሿ ተመለሰ። «ባለሙያዋ የጠቆረው አይድንም አለችኝ፤ የቅርፊቱ ካልሲየም ለሚመጣው ፍሬ ነው። እሱም ቶሎ አይደለም። ዋናው ውሃውን ሳያቋርጡ በልክ በልኩ ማጠጣት ነው።»

«እስኪ ትንሽ ዝገኚልኝ።»

ቁናውን አንስታ በሁለት እጇ ዘገነችላቸው። መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩና ጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ ነጠላውን እንዳጣፋ በመንገዱ እየወረደ ነው።

«ሲንኮሻኮሽ ይሰማል እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

አመተማርያም ቀድማቸው ወጣችና ግራ ቀኙን አየችላቸው።