በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም

መሪጌታ ኃይለማርያም የክታቡን ስፌት በካራ ጫፍ እየተረተሩ፣ «ቆዳው ገና ደህና ነው፤ ብራናውን ብቻ እንለውጠዋለን» አሉ።

ሰርክአዲስ ከጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ፣ ከጽዱ ሥር፣ ፊታቸው ተቀምጣለች። ዘጠኝ ዓመት ከአንገቷ ያልወረደው ክታብ መዳፋቸው ላይ እንደ ሞተ አይጥ ተጋድሟል።

«እንግዲህ ስሚኝ። ዓይነ ጥላሽ ተነሥቶብሻል። ያውም በአርመን በረንዳ፣ አላፊ አግዳሚው እያየሽ፣ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠሽ ብትሰፊ ጣቶችሽ ይደርቃሉ። አዲሱን ጽፌ እስካስርልሽ አርባ ቀን ከቤትሽ አትውጪ።»

አርባ ቀን! አርመናዊው ልብስ ሰፊ ሙሴ ሃጎፕ የሰጣት ቀጠሮ እስከ ዛሬ ቀትር ነው። «የመኳንንቱ ሚስቶች ወንድ አይለካንም እያሉ ይመለሱብኛል። መኪናው ይኸው፣ ወንበሩ ይኸው። ሐሙስ ከቀትር በፊት ካልመጣሽ ሌላ ሴት አስቀምጣለሁ» ብሏታል። ጥልፏን አራዳ በሙሉ ያውቀዋል፤ እሷን ግን የሚያውቃት የለም። እሪ በከንቱ ሰፈር ካለችው ክፍሏ በሯን ዘግታ ትጠልፋለች፣ ሥራዋን በሰው እጅ ትልካለች። ዓይን ትፈራለች። ሰው ትፈራለች። ዛሬም ቢሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደ መሪጌታ የመጣችው እንዲከለክሏት ነበር።

መሪጌታ ብራናውን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ዞር በይ እንኳ አላሏትም። ሴት ምን ታነባለች?

ሴቲቱ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከጎረቤቷ ከአባ ወልደገብርኤል ዘንድ ፊደል ስትቆጥር ከርማለች። ዳዊት ለመድገም ነበር አሳቧ። አንገቷን ሰገግ አድርጋ፣ ጥቁሩን ዘልላ፣ በቀይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ለቀመችው። አድኅና ለአመትከ… ወ… ለ… ተ… ሐ… ና።

በዚያ ቦታ የሚጻፈው የባለክታቧ ክርስትና ስም ነው፤ የእሷ ደግሞ ወለተ ሥላሴ ነው።

እንደገና አነበበችው። ሥላሴ የሚል የለም። ወለተ ሐና የዘውዲ ስም ነበር። የልጅነት ጓደኛዋ የዘውዲ። በአንድ ቀን፣ ከዚሁ ጽድ ሥር፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየተሳሳቁ ነበር ክታባቸውን ያሰሩት። በዓመቱ የኅዳር በሽታ ሲገባ ሁለቱም ተኙ። ዘውዲ በሦስተኛው ቀን ክታቧን እንደጨበጠች ሞተች፤ ሰርክአዲስ ተነሣች። መሪጌታም፣ «አንቺን ክታብሽ ጠበቀሽ፤ እሷ ተጠራጥራ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሸማ ጠልፋ ታለብሳቸዋለች። አሁንም ትከሻቸው ላይ ያለው የእሷ ጥልፍ ነው።

«መሪጌታ፣ ወለተ ሐና ማን ናት?»

ካራው ቆመ። «ምን አልሽ?»

«እዚህ በቀይ የተጻፈችው።»

መሪጌታ ብራናውን ጠቀለሉት። «እሱ የመልአክ ስም ነው። ምሥጢር ነው፤ በሴት አፍ አይጠራም።»

«መልአክ ክርስትና ይነሣል እንዴ?»

«ማን ነው ማንበብ ያስተማረሽ?» ፊታቸው ቀላ። ያናደዳቸው ስሙ መሳሳቱ አልነበረም።

«የእኔን ዘውዲ አንገት ላይ፣ የእሷን እኔ አንገት ላይ አሰሩት። አይደለም?»

«ቢሆንስ? እግዚአብሔር ስም ተሳሳተ ብሎ ሰው አይረሳም።»

«ታዲያ እርስዎ ምን ያስጽፍዎታል?»

መሪጌታ ካራቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። ሰርክአዲስ ይህን ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ፈራችው አሰበችና አፈረች፤ ከሁሉ ይልቅ በራሷ አፈረች። ከደጅ በወጣች ቁጥር ዓይን ሁሉ ያለ አንዳች ከልካይ ሲያያት ኖሯል፤ አልበላትም። በዚያ ኅዳር ከትኩሳቱ የተነሣችው የእሷ ስም ያለበት ቅንጣት ብራና ሳይኖራት ነው። በሯን የዘጋባት ከራሷ ሌላ ማንም አልነበረም። የዘውዲ ሞት እንደ አዲስ ደረቷን ወጋት፤ በዚህ ሰው ፊት ግን አላለቀሰችም።

ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። መሪጌታ ቆዳውን ይዘው፣ «ልጄ፣ ባዶ አንገትሽን አትሂጂ፤ እንዳይቆጭሽ» አሉ።

«አንተ» አለችው።

በዚያች ቃል ማዕረጉ ሁሉ ከላዩ ወረደ። የቀረው የሰው ሥራ የለበሰ አንድ ሽማግሌ ነው።

«አንተ፣ ሸማውን በሙቅ ውኃ እንዳታጥበው። ቀለሙ ይለቅብሃል። ከእንግዲህ ሌላ የለህም።»

ከኋላዋ ተራ የምትጠብቅ አሮጊት ነበረች፤ ሰርክአዲስ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «እማማ፣ ስምዎን ሲጽፍ ቆመው ይዩት።»

«እኔ መች ማንበብ እችላለሁ፣ ልጄ?»

«እሱም ይህን ያውቃል።»

በቅጥሩ በር ወጥታ ቁልቁል ወረደች። በበቅሎ የሚሄደው፣ እንጨት የተሸከመው፣ በየሱቁ ደጃፍ የቆመው ሁሉ ያያታል። ሙሴ ሃጎፕ ከበረንዳው ላይ ሰዓቱን እያየ ነበር። ደረጃውን ስትወጣ እጇ እንደ ልማዱ ወደ አንገቷ ሄደ፤ ማተቧን ብቻ አገኘና ተመለሰ።

ወንበሩ ላይ የሙሴ ሃጎፕ ኮት ተጥሏል። አንሥታ ሰጠችውና መኪናው ፊት ተቀመጠች።