የማይቆራረጥ መስመር

ቴክኒሻኑ የመጨረሻውን ትእዛዝ የቢሮውን ኔትወርክ በሚያከፋፍለው ስዊች ላይ አስገባና ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «አለቀ። ከአሁን ጀምሮ የስልክ ድምፅ ቀዳሚ ነው። ካሜራውም፣ ፋይሉም፣ ቪዲዮውም መንገድ ለቀው ያሳልፉታል።»

«ጆሮዬ ይመስክር» አሉ አስኪያጇ። በቀደም ለት መስመሩ «እሺ» ያሉትን ቃል ውጦባቸው ትልቅ ደንበኛ ተቀይሞ ሄዷል። ዛሬም ከተቆራረጠ ሌላ ቴክኒሻን እንደሚጠሩ ፊት ለፊት ነግረውታል።

መስመሩን ለመፈተን ሠራተኛው ሁሉ በታዘዘው መሠረት ቪዲዮ ከፈተ፤ ከባድ ከባድ ፋይል መላላክ ያዘ። የቀረው፣ ሳይደክመው የሚያወራ ሰው ብቻ ነው። ቴክኒሻኑ ብዙም ሳያስብ በቢሮው ስልክ እናቱ ጋ ደወለና አስኪያጇም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተው።

እናቱ አላሳፈረችውም። ከጉልበቷ ሕመም ጀምራ እስከ ጎረቤቷ ውሻ ድረስ አወራች፤ ከወሬዋ አንዲት ፊደል አልጎደለችም። አስኪያጇ በእርካታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አለች እናቱ። «ሠርጋችሁስ መቼ ነው?»

ይህች ጥያቄ በመጣች ቁጥር የሚያመልጥባት መላ ነበረችው፤ አፉ ቀደመው። «ሄሎ? እማዬ፣ ይቆራረጣል።»

የአስኪያጇ ፊት ተለዋወጠ። «የቱ ጋ ነው የተቆራረጠው?»

«እኔም እንጃ» አለች እናቱ ከወዲያ። «ለእኔማ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማኝ። ሴትዮዋ ማን ናቸው?»

ወዲህ ቢል ገደል፣ ወዲያ ቢል ገደል። ይቆራረጣል ካለ ሥራው ሄደ፤ አይቆራረጥም ካለ ደግሞ መሸሸጊያው።

«አይቆራረጥም» አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። «እማዬ... ተለያይተናል። ቆይተናል ከተለያየን።»

አስኪያጇ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ነግራኛለች» አለች እናቱ። «እሑድ ልትጠይቀኝ መጥታ ሁለታችንም አለቀስን። አንተ ከአፍህ እስክታወጣው ነው ዝም ያልኩት፣ የኔ ሞኝ።»

ወሬው ሲቆም ከወዲያ ማዶ አንድ ነገር ይሰማ ጀመር፤ ጠብ... ጠብ... ጠብ።

አስኪያጇ ጠጋ ብለው ሹክ አሉት። «ይሄስ? መስመሩ ነው?»

«የእናቴ ቧንቧ ነው» አለ። «ላልቷል።»

ሁለቱም ስልኩ ላይ አጎንብሰው አዳመጡ። አንዲትም ጠብታ አልጠፋችም።