አመድ አፋሽ

«ልጄ ብዬ ሥራ አስተማርኳት፤ ይኸው ዛሬ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ!» አለ ኃላፊው፣ ሁለት መዳፎቹን ለሦስቱ ዳኞች ዘርግቶ።

ዳኞቹ ቋንቋውን ስለማያውቁ ወደ አስተርጓሚዋ ዞሩ። አስተርጓሚዋ የኃላፊው የእህት ልጅ ናት። ይግባኝ ባይዋ አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጠችበትን የአስተርጓሚነት ወንበር ከወረሰች ገና ዓመቷ ነው።

ይግባኝ ባይዋ እግሯን አነባብራ ጠበቀች። በእሱ ሥር የሠራችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት «ሥራዋ አጥጋቢ ስላልሆነ ውሏ አይታደስም» ብሎ በአንድ መስመር ነው የሸኛት። ግምገማዋ የት አለ ሲባል ፋይሉ ጠፋ። የመጀመሪያው ቦርድ የሦስት ወር ደመወዝ ወረወረላትና ያንን መስመር ሳይነካ ተወው። እሷ ደግሞ ካሳው በልኩ ይሁን፣ «አጥጋቢ አይደለም» የሚለውም ይፋቅልኝ ብላ እዚህ ድረስ መጣች። ዓመት ሙሉ ይህችን ቀን ተንተርሳ ነው የተኛችው።

የእህት ልጅ ጉሮሮዋን ጠራረገች። በዳኞቹ ቋንቋ፣ «እጆቼ አመድ ዘግነዋል ይላሉ» አለች።

የመሐል ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች። «አመድ? ምን አቃጥለው ነው? ፋይሉን?»

ጥያቄው ተተርጉሞ ሲደርሰው ኃላፊው ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ምን አልሽብኝ አንቺ?»

«ያሉትን ነዋ፣ አጎቴ! አመድ አላሉም?»

«ኧረ እሳትም ጭስም የለም በያቸው!»

አለቻቸው።

«እሳት ከሌለ አመዱ ከየት መጣ?» አለች ዳኛዋ፣ እየጻፈች።

ይግባኝ ባይዋ ፋይሉን እንዳላቃጠለው ታውቃለች፤ ክብሪት ለመጫር የሚነሳ ሰው አይደለም። ‹ውለታዬን በላችው ማለቱ ነው› ብትል ነገሩ ያልቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። እንደ ከረሜላ እያላመጠች አቆየችው።

አሥራ አንድ ዓመት የለመደ አንገት ነውና የኃላፊው አንገት ወደ እሷ ዞረ። «እስኪ አንቺ ንገሪያቸው! እንዳንቺ ማን ይችልበታል?»

«ውይ ጋሼ፣» አለችው፣ ድምፅዋን ማር ቀብታ፣ «የእኔ ሥራ እኮ አጥጋቢ አይደለም።»

የእህት ልጅ የሁለቱንም ንግግር ቃል በቃል ተረጎመች። በዚያን ቀን አንድም ሳትስት የተረጎመችው ይህንን ብቻ ነበር።

የዳኛዋ ብዕር ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ኃላፊው ንጹሕ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ አየት አደረጋቸውና ደግሞ ጠረገ።