ለጋ ቅጠል

በሰማያዊ በርሜሎች ላይ የተንሳፈፈው ፓምፕ ሁለቴ አጉረምርሞ ዝም ሲል አያንቱ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የወንዙን ቆሻሻ እየሳበ የሚያጣራው ይህ ማሽን ዛሬም ካልሠራ የተከሉት ሰዎች ነቅለው ወደ ለቡ ሰፈር ሊወስዱት ነው። ማሳዋም እስካሁን የጠጣውን ያንኑ ቀለም የመሰለ፣ የሚከረፋ ውሃ ሊጠጣ ነው። ሁልጊዜ ጎፋ ገበያ ከእሷ አትክልት የምትገዛ ደንበኛዋ ቀመሪያ ልጇን አዝላ፣ ዛሬ ማሳው ድረስ መጥታ፣ የተነቀለላትን ሰላጣ ታቅፋ ከጎኗ ቆማ ነበር። አያንቱ እንደ ልማዷ ለልጁ አንድ ለጋ ቅጠል ሰጥታዋለች።

"አይዞሽ፣ ይነሳል" አለቻት ቀመሪያ።

ተነሳ። ቱቦው ተንፈራገጠና መጀመሪያ ጥቁር አረፋ ተፋ፤ ቀጥሎ የደፈረሰ፣ ከዚያ ጠጠሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ውሃ ወደ ቦዩ ወረደ። አያንቱ በእፍኟ ቀድታ አሸተተችው። ምንም አይሸትም። ቦዩ ዳር ቁጭ አለች።

ማሽኑን የተከለው ባለሙያ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ መጣ። "እንግዲህ እትዬ አያንቱ፣ ከአሁን በኋላ ሰላጣዎን ሰው ያለ ስጋት ይበላዋል።"

"ከአሁን በኋላ?" አለች ቀመሪያ፣ ቀስ ብላ።

አያንቱ ቀና ብላ አየቻት። ቀመሪያ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰደደችና ልጇ የሚያኝከውን ቅጠል ከአፉ አወጣች።