ማንም ሳያባርረው የሚሮጠው ነጋዴ

"ዘይና! ባልሽ ዛሬም ሲሮጥ ታየ..."

ጎረቤቷ ፋጡሜ ናት። ገና በሩን ሳታልፍ ነው የተናገረችው።

"ማን አባረረው?" አለች ዘይና ደንግጣ።

"ማንም! ጉዱ እሱ አይደል!"

ጊዜው 1950ዎቹ ነው። አገሩ ከሚሴ።

ያኔ ደህና ሰው አይሮጥም። የሮጠ ሰው ወይ ሰርቋል፣ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ ለይቶለታል።

ጀይሉ ደግሞ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነው... ሆዱ ቀድሞት ሱቅ የሚገባ፣ የተከበረ ሰው!

ዘይናን ግን ከሩጫው ይልቅ የከነከናት ሌላ ነው።

ባሏ የሠራችለትን መብላት ትቷል።

ጨጨብሳ በቅቤ አርሳ ስታቀርብለት "ጠግቤያለሁ" ይላል። ጥብሱን ገፋ ያደርጋል። ጎመንና ንፍሮ ብቻ ቀማምሶ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ይነሳል።

የት በልቶ ነው የሚጠግበው?

መልሱን ያመጣችው ያችው ፋጡሜ ናት።

"በጨፋ መንገድ፣ ቦርከና ዳር፣ ረቢአ የምትባል ፈት አለች። ከሱብሒ ሶላት በኋላ እሷ ቤት ሲገባ አይተውታል... ወላሂ!"

ዘይና ፋጡሜን ጎትታ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

ሌላ ቢያገባ ሃይማኖቱ ይፈቅድለታል። ግን ተደብቆ?

"ምን ባደርግ ይሻለኛል?"

"ወንድ በሆዱ ነው የሚያዝ። ቅቤውን ጨምሪበት... እንዳያውቅብሽ!"

ጨመረችበት። ጎመኑን በቅቤ አበሰለችው፤ እንዳይሸት ቅመም አበዛችበት።

"ዛሬስ ጎመኑ ጣፈጠ" አላት ጀይሉ።

"የኑግ ዘይት ነው" አለችው፣ ፊቱን ሳታይ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ጀይሉ ግን መሮጡን አልተወም።

አንድ ቀን ዘይና አላስቻላትም። ሱብሒ ሰግዶ ሲወጣ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችው...

ረቢአ ቤት ስትደርስ ከአጥሩ ውስጥ የሰማችው ግን የሴት ድምፅ አይደለም።

"ዋሽተኸኛል!"

አጮልቃ አየች። አንድ እግር ብቻ ያለው ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ላብ ያጠመቀው ጀይሉ ላይ ምርኩዙን ይወዘውዛል።

ሙህዲን ይባላል፤ የረቢአ ወንድም። ኮሪያ ዘምቶ እግሩን እዚያው ትቶ የተመለሰ፣ በደህናው ዘመን ወታደር ሩጫ ያሠለጥን የነበረ ሰው ነው።

"በእርምጃ ጀምሬ እዚህ አድርሼህ ሆድህ ስንዝር አልጎደለም! የደሴው ሐኪም 'ቅቤና ጮማ ካልተውክ ልብህ ዓመት አይቆይም' አላለህም? ተደብቀህ ቅቤ ትበላለህ!"

"ወላሂ አልበላሁም! ሚስቴ የምታቀርብልኝ ጎመን ነው!"

ዘይና አጥሩን ይዛ ቀረች። ያ ረቢ...

ከቤቱ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ብቅ አለች። ረቢአ ማለት እሷ ናት!

"ማነሽ እታለም? ኮቱ፣ ነይ ግቢ እንጂ!"

ጀይሉ ዞር ሲል ሚስቱ።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

አቀረቀረ።

"የፊተኛው ባልሽ በድንገት ነው የሞተብሽ። ስንጋባ 'ሁለተኛ ባል የምቀብርበት አንጀት የለኝም' አልሽኝ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርሽ ዘይናዬ?"

ዘይና እንባዋን መያዝ አቃታት።

"እሱ አልዋሸም" አለች ወደ ሙህዲን ዞራ። "ቅቤውን የጨመርኩት እኔ ነኝ... ሌላ ሴት የያዘ መስሎኝ..."



ሙህዲን ምርኩዙን ዝቅ አደረገ። "አፉ በለኝ ጀይሉ። እኔም ያለ ነገር ጠረጠርኩህ።"

ጀይሉ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"እኔም ደበቅኩሽ... አንቺም ደበቅሽኝ። ልንገዳደል ነበር እኮ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይና ቅቤውን ለእንግዳ ብቻ አደረገችው። ምስር፣ ጎመን፣ ንፍሮ... እሷም ያንኑ አብራው በላች። ጠዋት ጠዋት እስከ ቦርከና መንገድ ትሸኘው ጀመር። እሱ ይሮጣል፤ እሷ ትራመዳለች።

ጀይሉ ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። ሦስት ልጆች ድሯል።

ወዳጆቼ... ሩጫውም፣ የተመጠነው ምግብም ልብ ይጠግናል። በትዳር መሃል ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ግን ከቅቤ በላይ ልብ ይደፍናል። ጎረቤት ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ሰው ጠይቁ።

እስቲ ፍረዱ... ጥፋቱ የማን ነው? ሕመሙን የደበቀው የጀይሉ፣ ሳትጠይቅ የጠረጠረችው የዘይና፣ ወይስ የፋጡሜ?