የመጨረሻው ንባብ

ሹፌሩ መኪናዋን አቁሞ ሞተሩን አጠፋና «በቃኝ ወንድሜ፤ ይሄ የመጨረሻዬ ነው» አለው። አጠገቡ የተቀመጠው መንገድ አንባቢ ክው አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሱ መታጠፊያውን ከደብተር ሲያነብ፣ ሹፌሩ ሲነዳ፣ ስንት የራሊ መኪና ውድድር አብረው ጨርሰዋል። ዘንድሮ ሁለት ታላላቅ ሹፌሮች ውድድሩን ትተው ሄደዋል፤ ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

«ታዲያ ውድድሩ ማን ሊቀረው ነው?»

«እኔንጃ። ልጄ እኮ አባቷን በቴሌቪዥን እያየች አደገች።»

ሹፌሩ ደብተሩን ለማስታወሻ እንዲሰጠው ለመነው። ተቀብሎ ቢገልጠው አንዱም መስመር አልነበብ አለው።

«ጽሑፍህን ገና ዛሬ አየሁት፤ እኔ የማውቀው ድምፅህን ነው። እስቲ አንብብልኝ።»

መንገድ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ግራ፣ ረጅም… ቀስ፣ ገደል አለ።»

ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን ወደ ግራ አዞረ።